ስለ ከተማ ዳር ገበሬና ስለ መሬቱ

በኢዮቤልዩ በዓል ጊዜ ስለ ሕንፃው ማማርና ስለ ተከታተሉት አለቆች መጻፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን፥ ካህናትና ምእመናን ሆይ፥ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን አድባራት በዐሥራቱና በመገበሪያው ስላኖረው ገበሬ ጥቂት እጽፋለሁ።

ከተማው በ1879 ዓ.ም. በፍል ውኃው አጠገብ ከመቈርቈሩ አስቀድሞ አገሩ ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ የጉለሌና የየካ ኦሮሞም ከብቱን ያሰማራበት፥ እርሻውንም ያርስበት ነበር። በኋላ ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ ሰፈር፥ ለአድባራቱም ሰሞን ተብሎ መሬት ሲሰጥ፥ የቀደመው ባለ መሬት በብዙ ስፍራ ገባርና ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። ይህን በበዓል ቀን መሸፈን አይገባም፤ መሶባችን የሞላው ከዚሁ መሬት ነውና።

ሆኖም ከተማው ለገበሬው ገበያ ሆነለት። ጤፍና ሽንብራ፥ ወተትና ቅቤ፥ ድርቆሽና ኩበት በአህያ ጭኖ ጧት ይገባል፤ ማታ ጨውና አቡጀዴ ይዞ ይመለሳል። ማገዶ አልቆ ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ይዛወር በተባለ ጊዜም፥ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማውን በስፍራው አጸናው፤ ለዙሪያው ሰውም የሚሸጥ እንጨት ሰጠው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ አደረገ። ጭሰኝነት ተሻረ፤ የአድባራትም መሬት ተወሰደ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ ተፈቀደ፤ መሬት መሸጥና መለወጥም ተከለከለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ክልከላውን አጸና። ይህ ገበሬውን ይጠብቀዋል ተባለ፤ ከከተማ በራቀ አገር ምናልባት ጠብቆት ይሆናል። በከተማ ዳር ግን ሕጉ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው።

ገበሬው መሬቱን አይሸጥም፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድበት ግን ካሳ ይቀበላል። ካሳውም የሚሰላው በምርቱ እንጂ በመሬቱ ዋጋ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ዐዋጅ የ5 ዓመት አማካይ ገቢው 10 እጅ ነበረ፤ በ2011 ዓ.ም. ዐዋጅ ካለፉት 3 ዓመታት የበለጠው ገቢ 15 እጅ ሆነ። ያው መሬት በከተማ ሊዝ ጨረታ ሲቀርብ ዋጋው ሌላ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን፥ ገንዘቡን ይዞ ሌላ እርሻ ልግዛ ቢል የሚሸጥለት አለመኖሩ ነው፤ መሬቱን እንዳይሸጥ የጠበቀው ሕግ መልሶ እንዳይገዛም ከለከለው። ስለዚህ በሬውን ሸጦ ዘበኛ ወይም የቀን ሠራተኛ የሚሆን ብዙ ነው። የቱ ማሳ ውኃ እንደሚይዝ፥ የቱስ ሽንብራ እንደሚወድድ ያወቀበትን ዕውቀት የሚመዝን ገማች የለም። እኛ በቆሎ ተማሪነታችን በእንተ ስማ ለማርያም ብለን የቆምነው በእንዲህ ያለ ሰው ደጅ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ከተማውን ከዙሪያው ጋር የሚያያይዝ ፕላን በተነገረ ጊዜ ሕዝቡ ተቃወመ፤ ብዙ ሰውም ሞተ፤ ፕላኑ በ2008 ዓ.ም. ተተወ። የከተማው መስፋፋት ግን አልቆመም።

ካሳው በአባትና በእናት እጅ ይገባል፤ በዚያው ማሳ ያደጉት ልጆችም ይካፈሉታል። ካሳው በተከፈለበት ዓመት የተወለደው ሕፃን፥ የ15ቱ ዓመት ሒሳብ ሲያልቅ ሞፈር ለመያዝ ይደርሳል፤ የሚያርሰው መሬት ግን የለውም።