ከሰማያዊው ቀለም በታች

አባቴ ለላዳው ስም አላወጣላትም። «እሷ» ይላታል፣ በቃ። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ደወለልኝና «እሷ ብጉር አውጥታለች፤ ቅዳሜ ና» አለኝ። እኔ የምሠራው ሶፍትዌር ነው። የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ቢሆንም ስለ መኪና ቀለም የማውቀው ነገር አልነበረም። አባቴ ዘንድ ግን «ኢንጂነር» የተባለ ሰው ቴሌቪዥንም፣ የውሃ ፓምፕም፣ ብጉር ያወጣች ላዳም ማየት አለበት።

የቸኮለው ልትሸጥ ስለሆነ ነው። ገዢው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ዕቁብ ወጥቶለት፣ የቀረውን ከዘመድ ተበድሮ፣ የራሱን ታክሲ ሊይዝ። መኪና በዚህ አገር ምን ያህል እንደተወደደ ታውቃላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ቀድማ የገባች፣ ሞተሯ የሚነሳ ላዳ ለዚህ ልጅ አሮጌ ቆርቆሮ አይደለችም። የመጀመሪያ ሥራው ናት።

ብጉሩ ያለው በግራ በኩል የኋላው በር ግርጌ ላይ ነው። ትልቁ የአምሳ ሳንቲም ያህላል፣ ትንንሾቹ ምስር ያካክላሉ። በጣት ሲጫኑት ከረሽ ይላል። የአባቴ ዕቅድ አጭር ነበር፦ «ብርጭቆ ወረቀት እንምታው፣ ትንሽ ስቱኮ፣ አንድ እጅ ቀለም፣ አለቀ።»

እብጠት ሁሉ አንድ አይደለም

ሥራዬ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር ስክሪን ላይ የሚወጣው የስህተት መልእክትና ስህተቱ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ እንደማይገናኙ ነው። የቀለም እብጠትም እንደዛው ነው። አየር ወይም ውሃ ወይም ዝገት ከሥር ይገፋል፤ እኛ የምናየው ጣሪያውን ብቻ ነው።

መጀመሪያ አንዱን እብጠት በመርፌ መብሳትና ከውስጡ ምን እንደሚወጣ ማየት ነው። ቡናማ ውሃ ወይም ቀይ ዱቄት ከወጣ በሽታው ያለው ብረቱ ላይ ነው። ዝገት ከበላው ብረት ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር እየገፋ ያነሳዋል። ንጹሕ ውሃ ከወጣና ከሥሩ ያለው ፕራይመር ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የቀቢው ነው፤ ሳይደርቅ ወይም ሳይጸዳ የተቀባ ቦታ ላይ እርጥበት፣ ላብ ወይም ጨው ቀርቶ ውሃ እየሳበ ነው ማለት ነው። የመርፌ ጫፍ የመሳሰሉ ብዙ ቀዳዳዎች ከሆኑ ቀቢው አንዱ እጅ ሳይደርቅ ሌላውን ደርቦ ቲነሩን ከውስጥ አፍኖታል። እንደ አሮጌ ቆዳ ከተጨማደደ ደግሞ የአዲሱ ቀለም ቲነር የድሮውን ነክቶታል።

የኛው ቡናማ ውሃ አወጣ።

ሁለተኛው ምርመራ ማግኔት ነው። ቀለሙን እንዳይጭር በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሩ ላይ ታንሸራትቱታላችሁ። ላሜራ ካለ ይይዛል፤ ስቱኮ ከሆነ ይወድቃል። የኛ በር መሃሉ ላይ ጥሩ አድርጎ ያዘ። ወደ ግርጌው ስወርድ ግን ማግኔቱ ከእጄ አምልጦ መሬት ወደቀ። አባቴ አየ፣ ምንም አላለም።

ቀለበቶቹ

የሰፈራችን ባትላሜራ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ቅባቱን በቲነር አጽዱ፤ ያለዚያ ወረቀቱ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል» ብሎ መከረን። አጸዳን። 80 ቁጥር ወረቀት ይዤ ከብጉሩ መሃል ጀምሬ ወደ ውጭ ፋቅሁ። ከዚያ ጠርዙ በእጅ ሲዳሰስ እንዳይታወቅ በ180 አለሰለስኩት። ያኔ ነው ቀለበቶቹ የታዩኝ። የተቆረጠ ግንድ ላይ እንደሚታየው፣ አንዱ ቀለም በሌላው ውስጥ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከቅርብ ዘመን ወደ ሩቅ ዘመን።

ከላይ ያለው ሰማያዊ ነው። ከሥሩ ወፍራም የስቱኮ ድርብ። ከዚያ ሌላ ሰማያዊ፣ ጠቆር ያለ፤ አባቴ በ1986 ዓ.ም. ገዝቷት ታክሲ ሲያደርጋት የተቀባችው ነው። አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊ ሰውነትና ነጭ ጣሪያ ማለት እንጀራ ማለት ነበር። ከሱ በታች ማንም ያላሰበው ክሬም ቀለም ወጣ።

አባቴ ተጎንብሶ አየውና ሳቀ። «በደርግ ጊዜ የመሥሪያ ቤት መኪና ነበረች። ረስቼው!»

ክሬሙ የፋብሪካ ቀለም ነው፤ ቮልጋ ዳር ካለችው ቶልያቲ ከተማ። እ.ኤ.አ. በ1966 ሶቪየት ኅብረት ከጣሊያኑ ፊያት ጋር ተዋውላ እዚያ ግዙፍ ፋብሪካ ተከለች፤ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በ1970 ወጡ። ናሙናው ፊያት 124 ነበር። ሶቪየቶቹ ግን መንገዳቸውን ስለሚያውቁ ላሜራውን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በከበሮ ፍሬን ቀየሩት። ለሳይቤሪያ ተብሎ የወፈረው ላሜራ ነው እንግዲህ የመርካቶን ጉድጓድ ይህን ሁሉ ዓመት የቻለው።

በክሬሙና በላሜራው መሃል ቀጭን ግራጫ ፕራይመር አለ። የመኪና ቀለም ታሪክ ባብዛኛው የመድረቅ ታሪክ ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች እንደ ሠረገላ በዘይት ቀለምና በቫርኒሽ ነበር የሚቀቡት፤ አንዷን ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ፎርድ ከ1914 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ሞዴል ቲን በጥቁር ብቻ ያመርት የነበረው ርካሽና ጠንካራ ስለሆነለት ነው። ከዚያ ዱፖንት የሚባለው ኩባንያ ዱኮ የተባለውን የናይትሮሴሉሎስ ላከር አመጣ፤ ጄነራል ሞተርስም ለ1924 ሞዴል ኦክላንድ መኪናው ተጠቀመበት። ቀለሙም ሰማያዊ ነበር። የሳምንታቱ ሥራ ወደ ሰዓታት ወረደ፣ መኪናም የፈለገችውን ቀለም ለበሰች።

ዝገትን በደንብ የተጋፈጠው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ፕራይመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፎርድ የመኪናውን ሰውነት ፕራይመር በሞላበት ገንዳ ውስጥ ነክሮ በኤሌክትሪክ ማልበስ ጀመረ። የቀቢ እጅ የማይደርስበት የበር ውስጥ፣ የመገጣጠሚያ ስንጥቅ፣ ሁሉም ፕራይመር አገኘ። ዛሬ በትልልቅ ፋብሪካዎች የተለመደው አሠራር ይኸው ነው። ሰፈር ጋራዥ ውስጥ በኮምፕሬሰር የሚቀባ ሰው ይህን አይችልም፤ የሚያየውን ብቻ ነው የሚቀባው።

ላሜራው

ከሁሉም ሥር ላሜራው አለ። ቃሉ ራሱ ሌላ ንብብር ነው። ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ፓራፋንጎ፣ ኮፈን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ጎማ፤ ባትላሜራም ጭምር። ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። መኪና እዚህ የገባው ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በመኪና ተሳፍረዋል። ጋራዡ ግን ቋንቋውን በብዛት ያገኘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው ወረራና ከሱ በኋላ እዚሁ ከቀሩ ጣሊያን መካኒኮች ነው። ወራሪው ተባረረ፣ የመሣሪያዎቹ ስም ቀረ። በኋላ «ኤንትሬ» የምንላቸው የፊያት ከባድ መኪኖች ያንኑ ቋንቋ አገር ለአገር አዞሩት።

ያን ቅዳሜ ያስገረመኝ ይህ ነው። የሶቪየት መኪና ናት፣ ደርግ ያመጣት፣ አባቴ የነዳት። ባትላሜራው ግን የሚያወራላት በአያቶቿ ቋንቋ ነው፤ አያቷ ፊያት ነችና። እሱ ይህን አያውቅም፣ እኔም እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ስቱኮውን ጨርሼ ስፍቅ ካቻቢቴው ሰርጎ ገባ። መዳፍ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነው።

«አባዬ፣ ይሄ ስቱኮ መቼ ነው የተሞላው?»

«በ2008።» ትንሽ ቆየና «አንተ ዩኒቨርሲቲ የገባህ ዓመት» አለ።

ያኔም ባትላሜራ ተቆርጦ ይበየድ ብሎት ነበር። ብሩን ለሁለት ማካፈል አልቻለም። በበሩ ላይ ስቱኮ አስሞላ፣ በተረፈው ለኔ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛ። የመጀመሪያውን ኮዴን የጻፍኩት በሱ ነው። ማግኔቱ የወደቀበትን ቦታ አየሁት፤ የኔ ነው።

ስቱኮ ውሃ ይጠጣል፤ እርጥበት ካገኘ ላሜራው ላይ ይዞ ያስቀምጠዋል። የባሰው ግን ሌላ ነበር። የዝናብ ውሃ በመስተዋቱ ጎማ በኩል ወደ በሩ ውስጥ መውረዱ አይቀርም፤ ለዚህ ነው በሩ ግርጌ ላይ ትንንሽ መውጫ ቀዳዳዎች ያሉት። የ2008ቱ ሠራተኛ ከስቱኮው ጋር አብሮ ደፍኗቸዋል። በየክረምቱ በሩ ባልዲ ሆኖ ከርሟል። ጥገናው ነው በሽታውን ያሳደገው።

ምን እናድርግ?

አባቴ ሊደብቀው ይችል ነበር። ስቱኮና ቀለም ቢደረግበት እስከሚቀጥለው ክረምት ይቆያል፤ እስከዚያ ደግሞ መኪናዋ የልጁ ናት። «ሻጭ ሁሉ የሚያደርገው ነው» አለ፤ ለኔም ለራሱም። እኔ ዝም አልኩ። በ2008 ስቱኮ ያተረፈልኝ ሰው ሆኜ ምን ልበለው? ሻይ ጠጥቶ ተመለሰና ባትላሜራውን «ቁረጠው» አለው።

የበላው ላሜራ ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ተቆረጠ፣ ልኩ ተቆርጦ ተበየደ። በስቱኮ ፈንታ አስቀድሞ ኢፖክሲ ፕራይመር በባዶው ላሜራ ላይ ገባ፤ ስቱኮው ከሱ በላይ፣ በስሱ፣ ብየዳውን ለማስተካከል ብቻ። ከዚያ የሚሞላ ፕራይመር፣ በ400 ማለስለስ፣ ሁለት እጅ ሰማያዊ፣ በየመሃሉ ቲነሩ እስኪወጣ መጠበቅ። ቀቢው አፉን በሻሽ ነበር የሚሸፍነው፤ ሻሽ የቀለም ጭስ ስለማይይዝ የካርቦን ማጣሪያ ያለው ማስክ ገዛሁለት። በመጨረሻ ከበሩ ውስጥ በኩል ብየዳው ላይ ዘይት ረጨን፣ መውጫዎቹን ከፈትን።

የብየዳው ወጪ ከመኪናዋ ዋጋ ላይ አልተጨመረም። አባቴ እንደውም ቀነሰ።

ልጁ ቁልፍ ሊቀበል ሲመጣ አዲሱን ቀለም በእጁ ዳሰሰና «ጋሼ፣ አዲስ ሆናለች!» አለ። አባቴ «አዲስ አይደለችም» ብሎ በግራ በኩል ወስዶ አስጎነበሰው። ብየዳው ከየት እስከ የት እንደሆነ በጣቱ አሳየው። ከዚያ ሽቦ ከኪሱ አውጥቶ በሩ ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ነካካ።

«ሰኔ ሲገባ እነዚህን ክፈት» አለው። «እኔ አልከፈትኩም ነበር።»