የድድ መሸሽና የድድ ንቅሳት፦ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው?

በላሊበላና በላስታ ደጋማ ወረዳዎች፣ እንደ ሌላው የሰሜን ኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ፣ የሴቶችን ድድ ወግቶ በጥላሸት መንቀስ የቆየ ልማድ ነው። ንቅሳቱ ለውበት ብቻ ሳይሆን፣ ድድ ሲደማ እንደ መድኃኒትም ይታሰባል። ይሁንና ድድን በአብዛኛው የሚያደማው በጥርስ ሥር የተጋገረ ቆሻሻ በመሆኑ ንቅሳት ሕመሙን አያድንም፤ እንዲያውም ጥቁሩ ቀለም የድዱን መቅላት ስለሚሸፍን ሕመሙ ሳይታወቅ ይከርማል። አንዱን መርፌ ለብዙ ሰው መጠቀም ደግሞ ኤች አይ ቪንና ሄፓታይተስ ቢን ሊያስተላልፍ ይችላል። በተፈጥሮው የጠቆረ ድድ ግን በሽታ ስላልሆነ ሕክምና አያሻውም።

ድድ ሸሸ የሚባለው ጠርዙ ተመልሶ የጥርሱ ሥር ሲገለጥ ነው። ጥርሱ የረዘመ ይመስላል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካውም ይጠዘጥዛል። ዋና መንስኤዎቹ የቆየ የድድ መቆጣትና ጥርስን በኃይል መፋቅ ናቸው። መፋቂያ በራሱ ጎጂ አይደለም፤ ጫፉ በሚገባ ታኝኮ ሳይለሰልስ ድድን መፈተግ ግን ይጎዳል።

የሸሸ ድድ በራሱ አይመለስም። ቢሆንም ሐኪሙ በቅድሚያ የሚያከናውነው ቀዶ ሕክምና ሳይሆን የጥርስ ጽዳት ነው፤ በተቆጣ ድድ ላይ የተደረገ ስፌት አይጸናምና። መቆጣቱ ከዳነ በኋላ ሥሩ የሚጠዘጥዝ ወይም መሸሹ የሚቀጥል ከሆነ፣ በማደንዘዣ መርፌ ከላንቃ ስስ ሥጋ ተወስዶ በተገለጠው ሥር ላይ ይሰፋል። በጥርሶች መካከል ያለው አጥንት ካለቀ ሥሩ ሙሉ በሙሉ እንደማይሸፈን ታካሚው አስቀድሞ ሊረዳ ይገባል። ንቅሳትንም በመላጥ ወይም በሌዘር ማስለቀቅ ይቻላል፤ ስስ ድድ ግን በዚሁ ምክንያት ሊሸሽ ስለሚችል ውሳኔው ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ድዱ አብጦ ጥርስን የሚሸፍን ከሆነ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኒቶይን ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሆነው ኒፈዲፒን መንስኤ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል።

ተገልጋዮች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መቅረብ ይኖርባቸዋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የአባልነት መታወቂያቸውን ይዘው የሪፈራል ወረቀት ሊቀበሉ ይገባል። መድኑ ለውበት ብቻ የሚሰጥን ሕክምና ስለማይሸፍን፣ መድማት ወይም ጥዝጣዜ ካለ በወረቀቱ ላይ በግልጽ እንዲሰፍር ይጠይቁ።

ስፌቱ ዘወትር ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል። ስለሆነም ከላሊበላ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ የሚላኩ ታካሚዎች የመመለሻ ቀጠሮውንና የማረፊያ ወጪውን አስቀድመው ማሰብ አለባቸው። በእነዚህ ቀናት ቆሎ፣ በርበሬ የበዛበት ወጥና ትኩስ ቡና አይወሰዱም፤ የተሰፋው ቦታም በመፋቂያም ሆነ በብሩሽ አይነካም። በንጹሕ ጨርቅ ለ20 ደቂቃ ተጭኖ የማይቆም ደም ካለ፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።