አረማዊ፣ አሕዛብ፣ ከሀዲ

ወንጌል ሳይደርሰው የሞተ ሰው ዕጣው ምንድን ነው? ጥያቄው ሲነሣ ብዙ ጊዜ መልሱ ይቀድማል፤ ሰውየው «አረማዊ» ይባልና ነገሩ እንደ ተፈረደ ይቆጠራል። ስለዚህ መጀመሪያ ስሙን ራሱን እንመርምር።

አረማዊ በመነሻው የአራም ሰው ማለት ነው። አራማውያን ከደማስቆ እስከ ኤፍራጥስ ማዶ ይኖሩ ነበር። ቃሉ የሕዝብ ስም እንጂ የኃጢአት ስም አልነበረም። እንዲያውም በዕብራይስጡ ዘዳግም 26፥5 እስራኤላዊው በኵራቱን ይዞ ሲቀርብ አባቱ ተቅበዝባዥ አራማዊ እንደ ነበር ይመሰክራል፤ የሚናገረውም ስለ ያዕቆብ ነው። ታዲያ የያዕቆብ መጠሪያ እንዴት የጣዖት አምላኪ መጠሪያ ሆነ? ያዞሩት አራማይስጥ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። የሶርያ ክርስቲያኖች ሲያምኑ «ሱርያያ» የሚለውን ስም ለራሳቸው ያዙ፤ የድሮውን ስም ላላመኑት ተዉት። ግሪኩ ገላትያ 3፥28 «አይሁዳዊ» እና «ግሪካዊ» ያለውን፣ ፐሺጣ የተባለው የሶርያ መጽሐፍ ቅዱስ «አይሁዳዊ» እና «አራማዊ» አድርጎታል።

ወደ ግእዝ የገባው ይህ የተለወጠው ትርጉም ነው። ብቻውንም አልመጣም፤ ሃይማኖት፣ ኦሪት፣ ጣዖት፣ ምጽዋት ሁሉ ምንጫቸው አራማይስጥ ነው። ጀርመናዊው የቋንቋ ምሁር ኖልደከ በ1910 እ.ኤ.አ. ወደ ግእዝ የገቡትን የውሰት ቃላት አጥንቶ አሳትሟል፤ ሌላው የቋንቋ ምሁር ፖሎትስኪ ደግሞ በ1964 እ.ኤ.አ. እነዚህን መሰል ቃላት ከሶርያ ክርስቲያኖች ይልቅ ከአይሁድ አራማይስጥ ጋር አያይዟቸዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን እምነትን የምንጠራበት ቃልና ያላመነውን የምንጠራበት ቃል ከአንድ ቋንቋ መምጣታቸው ነው፤ ያም ቋንቋ ጌታ ራሱ በገሊላ የተናገረው ነው። አማርኛ ደግሞ ከዚያው ግንድ «አረመኔ»ን አወጣ፤ ዛሬ ጨካኝ ማለት ነው። የሕዝብ ስም የእምነት ስም ሆነ፣ የእምነት ስም የጠባይ ስም ሆነ። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ የተጠራው ሰው ያደረገው ነገር የለም።

«አሕዛብ» ብዙ አያስቆየንም፤ የሕዝብ ብዙ ቁጥር ነው። ጳውሎስ በሮሜ 2፥14-15 ሕግ ያልተሰጣቸው አሕዛብ የሕግ ሥራ በልባቸው እንደ ተጻፈ፣ ኅሊናቸውም እንደሚመሰክር ሲጽፍ በስማቸው ላይ ነቀፋ አልጫነም።

«ከሀዲ» ግን በእርግጥ የጥፋት ስም ነው። ካደ፣ በግእዝ ክሕደ፣ የሚያውቀውን አላውቅም፣ የተቀበለውን አልተቀበልኩም ማለት ነው። ብድር የወሰደ ይክዳል፤ ያልተበደረ ግን ምኑን ይክዳል? ዮሐንስ 15፥22 በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ጌታ መጥቶ ባይነግራቸው ኖሮ ያ ኃጢአት ባልሆነባቸው ነበር። ሉቃስ 12፥47-48ም የጌታውን ፈቃድ አውቆ የተወውን ባሪያና ሳያውቅ ያጠፋውን ለይቶ ይመዝናል። ሁለተኛውም ጥቂት ይገረፋል፤ ሳያውቅ ያጠፋ ሁሉ ነጻ ነው አይልም። ሆኖም ሚዛኑ አንድ አይደለም፤ እኛ ግን በአንድ ቃል አንድ አድርገነዋል።

ስለዚህ በዐውደ ምሕረት የምትሰብኩ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምሩ፣ ወንጌል ያልደረሳቸውን «ያልሰሙ» በሏቸው። «ከሀዲ» የሚለውን ስም ሰምቶ እምቢ ላለ አቆዩት።