የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣና የሴቶች ድርሻ

የዛሬው ወጋችን ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ዓሣና ኑሯቸውን በእሱ ላይ ስለመሠረቱ ሴቶች ነው።

ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር የአካባቢው የሲዳማ ገበሬ ኑሮ በእንሰትና በከብት እንጂ በዓሣ አልነበረም። ከተማዋ ስትሰፋ ግን ዓሣው ገበያ አገኘ፤ በጾም ወራትማ ፈላጊው ይበዛል። መረብ መጣሉና ጀልባ መቅዘፉ የወንድ ሥራ ሆኖ ቀረ። አሞራ ገደል ላይ ዓሣው ከተራገፈ በኋላ ከሚጠብሱትና ከሚሸጡት መካከል ግን ሴቶች ብዙ ናቸው።

እስቲ ሐይቁን እንየው። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ስለዚህ ዝናብ ሲያይል ይሞላል፤ ድርቅ ሲመጣ ይሸሻል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከከባድ ዝናብ በኋላ ሞልቶ ዳርቻውን አጥለቀለቀ። በምሥራቅ በኩል የነበረው ጨለለቃ ደግሞ በተቃራኒው ደርቆ ረግረግ ሆነ። ይህ ሁሉ ግን በአየሩ ብቻ አይሳበብም፤ ከተራቆተው ተዳፋት የሚወርደው ደለልም አለበት።

ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ የምትራባው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች (ዶሮ እንኳ ይህን ያህል አትጨነቅም!)። ዳርቻው ሲራቆት መራቢያዋ ይጠፋል፤ ውሃው ሲሞቅም የምትተነፍሰው አየር ያንሳታል። ዓሣ ሲጠፋ ባለመረቡ ዋጋ ጨምሮ ይሸጣል። በየዕለቱ ገዝታ የምትጠብሰዋ ሴት ግን በምን ትጨምር? በላተኛው ይሸሻታል።

ታዲያ ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ ማርባት ይበጃል ይባላል። ደግ ነው። ነገር ግን ኩሬ መሬት ይፈልጋል። በ1967ቱ አዋጅ መሬት ሲደለደል በገበሬ ማኅበር የተመዘገበው ባብዛኛው አባወራው ነበር። በደቡብ የሚስት ስም ከባሏ ጎን በይዞታ ደብተር ላይ መግባት የጀመረው በ1990ዎቹ ነው። እናም ኩሬው የእሱ ይባላል፤ ፉርሽካ መበተኑ፣ በበጋ ሲጎድል ውሃ መቅዳቱ በእሷ ላይ ይወድቃል። በኩሬ ውስጥ እንኳ አርቢው የሚመርጠው ወንዱን ቆሮሶ ነው፤ ሴቷ ጉልበቷን ለእንቁላል ስለምታውል ቀስ ብላ ነው የምታድገው።

እኅቶቻችን፣ ፊደል ቆጥራችሁ የለም? እንግዲያው ኩሬው ከመቆፈሩ በፊት የይዞታ ደብተሩን አውጡና አንብቡ። ስማችሁ ከሌለ ከባላችሁ ጋር ወደ ቀበሌ ሂዱ።