የእግር እብጠትና የዘር ስም

ከጮቄ ተራራ በስተደቡብ ምሥራቅ ቢቸና፣ በስተሰሜን ሞጣ ይገኛሉ። የአካባቢው አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ነው፤ ገበሬውም ለብዙ ትውልድ በባዶ እግሩ ሲያርሰው ኖሯል። እንዲህ ባለው አገር እግሩ ያበጠ ሰው ሲታይ «ዝሆኔ በዘራቸው አለ» ይባላል። ይህች ቃል ጋብቻ የምታስቀር መሆኗን የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ «ዘር» የተባለው ነገር በሕክምና ታሪክ ምን ትርጉም እንዳለው መመርመር ይገባናል።

እ.ኤ.አ. በ1953 ማቤልና ሎዌል ሆኪን የእርግብ ቆሽት ቁራጭ በአሴቲልኮሊን ሲነቃቃ የሕዋሱ ቅባቶች ፎስፌትን በብዛት እንደሚቀበሉ አሳዩ። ቅባት የሕዋስ ሽፋን ብቻ ሳይሆን የመልእክት መንገድም መሆኑ ቀስ በቀስ የታወቀው ከዚህ ተነሥቶ ነው። በ1980ዎቹ ሉዊስ ካንትሊና ባልደረቦቹ በዚሁ ቅባት ላይ ፎስፌት የሚጨምረውን ፒአይ3 ካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም አገኙ፤ ይኸውም ሕዋስ እንዲያድግና እንዲባዛ ከሚያዝዙት አንዱ ነው። የኢንዛይሙን አንድ ዋና ክፍል የሚያሠራው ፒክ3ሲኤ የተባለው ዘረመል በ3ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። ይህ ዘረመል በ2004 በልዩ ልዩ የነቀርሳ ዓይነቶች ውስጥ ተለውጦ ተገኘ፤ በ2012 ደግሞ እግርን ወይም ሌላ አካልን ያለ ልክ በሚያሳድገው ክሎቭስ በተባለው ሕመም ታየ። ለውጡ ግን ጽንሱ ሲያድግ በከፊል ሕዋሳት ላይ የሚነሣ እንጂ ከወላጅ የሚወረስ አይደለም።

የአገራችን ዝሆኔ ታሪክ ከዚህ ይለያል። በ1970ዎቹ ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ የቀይ አፈር ደቃቅ ቅንጣት በእግር ቆዳ ገብቶ የሊምፍ መሥመርን እንደሚጎዳ አስረዳ፤ በሽታውንም ፖዶኮኒዮሲስ አለው። በ2012 በደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንና 203 ጤነኞች ተነጻጽረው ተጋላጭነቱ ኤችኤልኤ ከተባሉት የበሽታ መከላከያ ዘረመሎች ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ የበሽታው ሥርጭት በመቶ 3.3 መሆኑን ገለጸ።

እንግዲህ የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው፤ በሽታውን የሚያመጣው አፈሩ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን በሳሙና የታጠበ የሕመምተኛ ልጅ ሊድን ይችላል። ስለሆነም ባልደረቦቻችን ያበጠ እግር ሲያዩ አስቀድመው «መቼ ጀመረ?» ብለው ይጠይቁ። ከልደት ወይም ከሕፃንነት ከሆነ ምክንያቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይፈልጉ፤ በጎልማሳነት ከእግር ጫፍ ከተነሣ አፈሩን ያስቡ። ከሁሉም በላይ ለቤተሰቡ እውነቱን ያስረዱ፤ ሊከላከሉት በሚቻል በሽታ ምክንያት የማንም ሴት ልጅ ትዳር ሊቀር አይገባምና።