የጋብቻው ሕግ ሲለወጥ የካሳው ሕግ የት ቀረ?

የቤተሰብ ሕጋችን ታሪክ ሲጻፍ ትረካው ዘወትር በ1992 ዓ.ም. በድል ይቋጫል። ድሉ እውነተኛ ነው፤ ግማሽ መሆኑ ግን ብዙ አይነገርም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። በብዙ ረገድ ዘመናዊ የነበረው ይህ ሕግ ወደ ጓዳ ሲገባ ዘመናዊነቱን ደጃፍ ላይ ጥሎ ይገባ ነበር። በቁጥር 635 ባል የቤተሰቡ የበላይ ነው፤ ሚስትም ትታዘዝለታለች። በቁጥር 581 ወንድ 18፣ ሴት ግን 15 ዓመት ከሞላት መጋባት ይችሉ ነበር። ባል የቤት ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም ካነሰው የቤቱ ሥራ የሚስት ግዴታ እንደሆነ ሳይቀር በሕግ ተጽፎ ነበር። ደርግ መሬቱንና ትርፍ ቤቱን ሲወርስ፣ በ1979ኙ ሕገ መንግሥቱም የጾታ እኩልነትን ሲያውጅ፣ ይህን ግን አልነካውም። አብዮቱም ለካ ጓዳ አልገባም!

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 እና 35 በጋብቻ ውስጥ እኩልነትን ደነገገ። ያም ሆኖ ሕጉ እስኪሻሻል አምስት ዓመት ፈጅቷል፤ ለዚያውም የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎች ሳይታክቱ ስለወተወቱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ባልና ሚስት እኩል ሆኑ፤ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፤ ፍቺን የመወሰን ሥልጣንም ከቤተ ዘመድ ዳኞች ወደ ፍርድ ቤት ተዛወረ። አዋጁ የሚሠራው በፌዴራሉ አስተዳደር ሥር ላሉት ከተሞች በመሆኑ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ነበረባቸው።

አሁን የዚያኑ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሌላ ክፍል እንግለጥ፤ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚናገረውን። በቁጥር 2115 መሠረት አንድ ሰው በሚስት አካል ላይ ጉዳት በማድረሱ አብሮነቷ ለባሏ ያነሰ ጥቅም ወይም ያነሰ ደስታ የሚሰጥ ከሆነ፣ ባል ካሳ ሊያገኝ ይችላል። ይህ መብቱ እሷ ራሷ ከምትመሠርተው ክስ የተለየ ነው። ባሏ ለተጎዳባት ሚስት ተመሳሳይ ቁጥር ፈልጉ፤ የለም። የ1992ቱ አዋጅ የሻረው የቤተሰብን ክፍል ብቻ ስለነበር፣ ከአልጋው የተባረረው የባል የበላይነት በካሳው መዝገብ ውስጥ ተደላድሎ ቀረ።

ከዚህ የሚከፋው ቁጥር 2116 ነው። ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይከለክላል። የሕክምና ወጪና የታጣ ገቢ ለብቻቸው ይሰላሉና ከእነርሱ ጋር አይምታታ። እዚህ ላይ የሚለካው ሐዘኑ ነው፦ ልጁን መኪና ገጭቶ የገደለበት አባት ሐዘን፣ የተደፈረች ሴት ስቃይ። በ1952 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር ስለነበር 1,000 ብር ማለት ወደ 400 ዶላር ገደማ ነበር፤ በጊዜው ቀላል ገንዘብ አልነበረም። አርቃቂዎቹ የተሳሳቱት መጠኑ ላይ አይመስለኝም፤ በሕግ ውስጥ ጥሬ ቁጥር ቸንክረው መሄዳቸው ላይ ነው።

የጋብቻው ሕግ ሲለወጥ ይህ ለምን ተረሳ? ሚስትነት ብዙዎች በአንድ ጊዜ የሚኖሩበት ሁኔታ ስለሆነ ማኅበር ይፈጥራል፤ ድምፅ ይሆናል። የመኪና አደጋ ግን የሚያገኘው ሰውን ለየብቻው ነው። ተጎጂው ሆስፒታል ተኝቶ፣ ወይም ለቅሶ ተቀምጦ ሳለ ጊዜው ይነጉዳል፤ በቁጥር 2143 ደግሞ የካሳ ክስ በመርሕ ደረጃ ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በቁጥር 2081 የመኪናው ባለቤት፣ ሲያሽከረክር የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ተጠያቂ መሆኑን የሚያውቀውም ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጠበቃ ቢያገኝ እንጂ ሰልፍ አይወጣም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የ1952ቱ 400 ዶላር ከአሥር በታች ወረደ ማለት ነው፤ በችሎት ፊት የሐዘን ጣሪያው ግን ያው አንድ ሺህ ብር ነው።