ጨዋ ማን ነው?

ከሲሪንቃ የመጡ አንድ አዛውንት በባንካችን መስኮት ፊት ቆመዋል። «አባቴ፣ እዚህ ላይ ይፈርሙ» ብላቸው አንገታቸውን ደፉ። «እኔ ጨዋ ነኝ ልጄ፤ በጣቴ ላድርገው» አሉኝ። ከኋላቸው የቆመ ወጣት ሳቀ።

ቃሉን ቤቴ ድረስ ተሸክሜው ሄድኩ። በአያቴ አፍ «የጨዋ ልጅ» ዘር የሚያስቆጥር ምስጋና ነበር፤ በቤተ ክህነት ሰዎች አፍ ግን ጨዋ ማለት ፊደል ያልቆጠረ ነው።

ምንጩ አከራካሪ ነው። ከጨው የመጣ፣ ጣዕም ያለው ሰው ማለት ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ምርኮ ከሚለው ከግዕዙ ፄዋ ያመጡታል፤ በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በየአገሩ ያሰፈሯቸው ጭፍሮች ጨዋ ይባሉ ነበርና፣ ጥንት ከምርኮኞች የተመለመሉ ናቸው ይላሉ። እኔ ወደ እነዚህኞቹ አደላለሁ። ወታደሩ ርስትና ጉልት ሲያገኝ ስሙ መኳንንታዊ ክብር ሆነ፤ ከካህኑ ጎን ሲቆም ግን ያው መሃይም ነበር።

እንዲህ ከሆነ፣ በጨዋነቱ የሚመጻደቀው የምርኮኛ ልጅ ነው፤ አንገታቸውን የደፉት አባትም የስሙ ተጋሪ ናቸው። ዳግመኛ ሲመጡ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እቀበላቸዋለሁ።